የሲፒኤም ፕሮግራም በዶስ ላይ፦ ከአጎቴ ካርቶን የተማርኩት

ባለፈው ክረምት አጎቴ አንድ የጫማ ካርቶን በፌስታል ጠቅልለው ሱቄ መጡ። ሱቄ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ነው። ኮምፒውተርና ፕሪንተር እጠግናለሁ። ካርቶኑን ስከፍተው አሥራ አንድ ዲስኬት ተደርድሯል። ያ ለስላሳው፣ ሲያወዛውዙት የሚርገበገበው፣ አምስት ከሩብ ኢንቹ። «ይቺን አውጣልኝ» አሉኝ፣ ፎቶ ኮፒ የሚያስነሱ ይመስል።

አጎቴ የቡና ባለሙያ ነበሩ። አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። በ1977 ዓ.ም. ከውጭ ትምህርት ሲመለሱ ኬይፕሮ 2 የሚባል ኮምፒውተር ይዘው መጥተው ነበር። ተንቀሳቃሽ ነው ይሉታል። የብረት ሻንጣ ነው፤ ወደ 12 ኪሎ ይመዝናል። በቡና ነጋዴ ሚዛን ሁለት ሦስተኛ ፈረሱላ ግድም። 64 ኪሎባይት ሜሞሪ፣ 9 ኢንች አረንጓዴ ስክሪን፣ ሁለት የዲስኬት ማጫወቻ፣ ሃርድ ዲስክ የለም። ማሽኑ ከሞተ ቆይቷል። ዲስኬቶቹ ላይ ግን በየቀኑ የለኩት ዝናብ ዲቤዝ 2 በሚባል የመረጃ መዝገብ ፕሮግራም፣ ሪፖርቶቻቸው ደግሞ ወርድስታር በሚባል የጽሑፍ መጻፊያ ተጽፈው ቀርተዋል። ሁለቱም የሚሠሩት ሲፒኤም በሚባለው የድሮ ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ማለትም ኮምፒውተሩን በሚያንቀሳቅሰው ሥርዓት ላይ ነው።

እንዴት እንዳወጣሁት ልንገራችሁ። ትእዛዞቹን እንደምንጠራቸው በፊደላችን ጽፌያለሁ፤ እናንተ ስትተይቡ በላቲን ነው።

መጀመሪያ ዲስኬቱን እዩት። የጅማ እርጥበት ለሰውም ለዲስኬትም አይመችም። በመስኮቱ በኩል ዲስኩን በቀስታ አሽከርክሩና ወደ ብርሃን ያዙት። ነጭ ነጠብጣብ ካያችሁ ሻጋታ ነው። እንዲህ ያለውን ማጫወቻ ውስጥ እንዳትከቱ። የማንበቢያውን ጭንቅላት ያቆሽሽና ቀጥሎ የሚገባውን ጤነኛ ዲስኬት ይፍቀዋል። እኔ ሻጋታ ያለባቸውን ሦስቱን ለይቼ በአይሶፕሮፒል አልኮልና ክር በማይለቅ ጨርቅ አጸዳኋቸው። ሁለቱ ተነበቡ። አንዱ እምቢ አለ።

ከዚያ በጎኑ ያለውን ትንሽ ስንጥቅ በጥቁር ፕላስተር ሸፍኑ። በአምስት ከሩብ ኢንች ዲስኬት ስንጥቁ ከተሸፈነ መጻፍ አይቻልም። ይህን አትዝለሉት። ምክንያቱም የምታገኙት ማጫወቻ ምናልባት 1.2 ሜጋባይት የሚባለው ይሆናል። እሱ 80 ትራክ (ዲስኩ ላይ ያለ ክብ የመረጃ መስመር) ነው፣ የኬይፕሮው ዲስኬት 40 ትራክ። ለማንበብ ችግር የለም፤ እያንዳንዱን እርምጃ ሁለት እያደረገ ይሄዳል። ሲጽፍ ግን ጠባብ መስመር በሰፊው ላይ ይተዋል፤ ከዚያ በኋላ የራሱ የድሮ ማሽን እንኳ አስተካክሎ አያነበውም።

ማጫወቻውን ከአዲስ አበባ አንድ የሙያ ጓደኛዬ ላከልኝ። በሕዝብ አውቶቡስ፣ በጋቢ ተጠቅልሎ ነው የመጣው። ከአሮጌ ፔንቲየም ጋር አገናኘሁት። ላፕቶፕ ላይ አይሆንም፤ የፍሎፒ ኬብል መሰኪያ ያለው ማዘርቦርድ ያስፈልጋል። ንጹሕ ዶስ፣ ማለትም ከዊንዶውስ በፊት የነበረውን የፒሲ ሥርዓት፣ ጫንኩበት። 22ዲስክ የሚባለው ፕሮግራም የሲፒኤም ዲስኬቶችን ያነባል፤ ሃርድዌሩን በቀጥታ ስለሚነካ በዊንዶውስ መስኮት ውስጥ አትሞክሩት። የማሽኑን ዓይነት ከዝርዝር ትመርጣላችሁ። ኬይፕሮ 2 በአንድ ገጽ፣ 40 ትራክ፣ በየትራኩ 10 ሴክተር (የትራክ ቁራጭ)፣ በየሴክተሩ 512 ባይት ነው። አባዙት፦ 204,800 ባይት። ዛሬ በስልክ የምታነሱት አንድ ፎቶ አይገባበትም። የያዛችሁት የኦስቦርን 1 (ሌላው የዚያ ዘመን የሲፒኤም ኮምፒውተር) ዲስኬት ከሆነ ግን ቀድማችሁ እወቁት፦ የመጀመሪያዎቹ በነጠላ ጥግግት የተጻፉ ስለሆኑ ብዙ የፒሲ ኮንትሮለር አያነባቸውም።

መብራት? ዩፒኤስ አድርጉ። ሌላ ምን ልበል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ፋይሎቹ ወደ ዶስ ከመጡ በኋላ አንድ ነገር ተሳሳትኩ። የወርድስታሩ ፋይል ስም መጨረሻው «ኮም» ነው። በዶስ የሚሠራ ፕሮግራምም መጨረሻው «ኮም» ይሆናል። «እህ፣ ቀላል ነው» ብዬ ስሙን ጽፌ ኢንተር አልኩ። ማሽኑ ድርቅ አለ። ኮንትሮል፣ ኦልት፣ ዲሊት ብል ወይ ፍንክች። ነቅዬ ሰካሁት።

ለምን እንደዚያ እንደሆነ ካልገባችሁ ቀጥሎ ያለው ሁሉ ድግምት ይመስላችኋል። ሲፒኤምን በ1974 እ.ኤ.አ. የጻፈው ጋሪ ኪልዳል ነው። የተጻፈው ለኢንቴል 8080 ፕሮሰሰር ነበር። በ1980 ደግሞ ሲያትል ኮምፒውተር ፕሮዳክትስ ውስጥ ይሠራ የነበረው ቲም ፓተርሰን ለ8086 ፕሮሰሰር አዲስ ሥርዓት ጻፈ። የሲፒኤም ፕሮግራሞች በትንሽ ድካም ተተርጉመው ወደ አዲሱ እንዲሻገሩ ፈለገ። ስለዚህ ፕሮግራም ከሥርዓቱ ጋር የሚነጋገርበትን መንገድ ከሲፒኤም ጋር አመሳሰለው። ያንን ማይክሮሶፍት ገዛው። በ1981 ከአይቢኤም ፒሲ ጋር የወጣው ዶስ እሱ ነው።

መመሳሰሉ ቀልድ አይደለም። በሁለቱም «ኮም» ፕሮግራም የሚጀምረው ከ256ኛው አድራሻ ነው። ከዚያ በፊት ያለው 256 ባይት የሥርዓቱ ጓዳ ነው፦ አድራሻ 5 ላይ አገልግሎት የሚጠየቅበት በር፣ አድራሻ 128 ላይ ከትእዛዙ ቀጥላችሁ የጻፋችሁት ቃል። የአገልግሎት ቁጥሮቹ ራሳቸው ይገጥማሉ። 9 ማለት በሁለቱም «የዶላር ምልክት እስክታገኝ ድረስ ጽሑፉን አሳይ» ነው። 15 ፋይል ክፈት። 20 ቀጣዩን አንብብ። አንድ ለአንድ።

የማይገጥመው የፕሮሰሰሩ ቋንቋ ነው። ለ8080 «ጨምር» የሚል ትርጉም ያለው ባይት ለ8086 ሌላ ነገር ነው። ዶስ የሲፒኤምን ወግ ሁሉ ያውቃል፤ ቋንቋውን ግን አይሰማም። ሂርማታ ገበያ ውስጥ ኦሮምኛ ሳይሰማ ሰላምታውን ብቻ አሳምሮ ያጠና ነጋዴ በሉት። «አካም» ሲል ሁሉም ያምነዋል። ዋጋ ሲጀመር ነው የሚጋለጠው። የእኔ ፔንቲየምም ሰላምታውን ተቀብሎ ዋጋው ላይ ነው የደረቀው።

ስለዚህ የሚያስፈልገን አዲስ ሥርዓት አይደለም፣ አስተርጓሚ ነው። ኢሙሌተር የሚባለው እሱ ነው። የ8080ን ወይም የዜድ 80ን (የ8080ን ቋንቋ የሚያውቀው የኬይፕሮ ፕሮሰሰር) ትእዛዝ አንድ በአንድ እያነበበ ይፈጽማል። ፕሮግራሙ በር 5ን ሲያንኳኳ ደግሞ ቁጥሩን ተቀብሎ ለዶስ ያቀብላል። ዶስ የለመደው ቁጥር ስለሆነ ሥራው ይቀላል።

በነገራችን ላይ ይህን በሽቦ የሠራም ነበር። የኤንኢሲ ቪ20 ቺፕ በፒሲ ውስጥ ያለውን የኢንቴል 8088 ነቅላችሁ በቦታው የምትሰኩት ነው፤ እግሩ ይገጥማል። ውስጡ የ8080 ቋንቋ አብሮት ተሠርቷል። ወርድስታር በዚያ ይሄዳል። ዜድ 80 የጨመራቸውን ትእዛዞች ግን አያውቅም፤ ስለዚህ ዜድ 80 የግድ የሚለው የሲፒኤም ቱርቦ ፓስካል (ፕሮግራም መሥሪያው) አይነሳበትም።

በዶስ ላይ ሁለት ኢሙሌተሮች ሞከርኩ። 22ናይስ ከ22ዲስክ ጋር የአንድ ቤት ልጅ ነው። የሲፒኤሙን ፕሮግራም እዚያው በዶስ ማውጫ ውስጥ፣ በዶስ ፋይሎች ላይ ያሠራዋል። ማይዜድ80 ደግሞ ሙሉ ማሽን ነው የሚያስመስለው። የራሱ ዲስክ በአንድ ትልቅ ፋይል ውስጥ አለ። ፋይል ለማስገባት «ኢምፖርት»፣ ለማውጣት «ኤክስፖርት» ትላላችሁ። አንድ ፋይል ለማየት ያህል ከሆነ የመጀመሪያው ይሻላል። ሰፈር መሥርቼ ልኑር ካላችሁ ሁለተኛው።

እኔ ግን የረጋሁት በሦስተኛው ነው። ራንሲፒኤም ይባላል፤ የማርሴሎ ዳንታስ ሥራ ነው፣ ኮዱ ክፍት ነው። በሊኑክስም፣ በዊንዶውስም፣ በትንንሽ የአርዱዊኖ ዓይነት ሰሌዳዎችም ላይ ይሄዳል። ፔንቲየሙን ለዲስኬት ማንበቢያ ብቻ ትቼ ፋይሎቹን ወደ ሊኑክስ ላፕቶፔ አመጣሁ። የሲፒኤም ፈቃድስ ብላችሁ ከተጨነቃችሁ፣ ባለመብቱ ማንም ሰው እንዲጠቀምበትና እንዲያከፋፍለው ፈቅዷል፤ በ2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፈቃዱን ግልጽ አድርጎታል። ወርድስታርና ዲቤዝ ግን የዚያ ፈቃድ አካል አይደሉም። የአጎቴ የራሳቸው ዲስኬት ላይ ነበሩ።

አደራረጉ እንዲህ ነው። ለፕሮግራሙ አንድ ፎልደር ክፈቱ። በውስጡ «ኤ» የሚባል ፎልደር፣ በ«ኤ» ውስጥ ደግሞ «0» የሚባል። ዜሮ ቁጥሩን ማለቴ ነው። ሲፒኤም ዲስክን በተጠቃሚ ቁጥር ይከፍላል፤ 0 የመጀመሪያው ክፍል ነው። «ቢ»ንም እንደዚሁ። ከራንሲፒኤም ጋር የሚመጣውን የዲስክ ጥቅል «ኤ» ውስጥ ፍቱት። ዲቤዝንና ወርድስታርን እዚያው ጨምሩ። የአጎታችሁን ወይም የአባታችሁን ፋይሎች «ቢ» ውስጥ አስገቡ። ኮፒውን ነው እንጂ ዋናውን አይደለም።

እዚህ ላይ ግማሽ ቀን ያቃጠለኝን ነገር ስሙ። ሊኑክስ ትልቅና ትንሽ የላቲን ፊደል ይለያል፤ ሲፒኤም የሚያውቀው ትልቁን ብቻ ነው። ፋይሎቼ በትንንሽ ፊደል ተሰይመው ነበር። ፋይሎችን የሚዘረዝረው ትእዛዝ «ዲር» ነው። «ዲር» ስል ባዶ። ፎልደሩን ስከፍተው ፋይሎቹ ቁጭ ብለዋል። «ዲር» ስል ባዶ። ራሴን መጠርጠር ጀምሬ ነበር። ፎልደሩንም ፋይሉንም በትልልቅ ፊደል ሰይሙ፤ ይጠፋል ችግሩ። ስም ከስምንት ፊደል፣ ቅጥያ ከሦስት እንዳይበልጥ።

ሌላም ልብ በሉ። ዲቤዝ 2 አንድ ፋይል አይደለም። ከዋናው ሌላ ተደራቢ ፋይልና የመልእክት ፋይል አለው። ወርድስታርም ሁለት ተደራቢ አለው። ያን ጊዜ 64 ኪሎባይት ስለማይበቃ ፕሮግራሙ ራሱን እየቆራረጠ ነበር የሚጭነው። አንዱን ረስታችሁ ዋናውን ብቻ ካመጣችሁ ይጀምርና መንገድ ላይ ይወድቃል።

አሁን ራንሲፒኤምን በተርሚናል (ትእዛዝ በሚጻፍበት መስኮት) አስነሱ። ስክሪኑ 80 ፊደል ወርድ ይሁን። «ኤ0» የሚል መጠበቂያ ይመጣል። ወርድስታርን ጠራሁ። መጣ! ግን ምን ዓይነት አመጣጥ። ስክሪኑ ሁሉ የእኩል ይሆናል ምልክትና የተዘበራረቀ ፊደል። ፋይሉ የተበላሸ መስሎኝ ደንግጬ ነበር። አልተበላሸም። ኬይፕሮ ስክሪኑን የሚያዝበት ዘዴ ኤዲኤም-3ኤ ከሚባል አሮጌ ተርሚናል (ስክሪንና ኪቦርድ ብቻ ከሆነ መሣሪያ) የተወረሰ ነው። ጠቋሚውን ለማንቀሳቀስ «ኤስኬፕ»፣ ቀጥሎ እኩል ይሆናል፣ ቀጥሎ 32 የተደመረበት የመስመርና የዓምድ ቁጥር ይልካል። የዛሬ ተርሚናል የሚሰማው ቪቲ100 የሚባለውን የሌላ አሮጌ ተርሚናል ቋንቋ ነው። ስለዚህ ትእዛዙን እንደ ጽሑፍ ያትመዋል። መፍትሔው የወርድስታርን የማስተካከያ ፕሮግራም ማስኬድና ከተርሚናል ዝርዝሩ ቪቲ100ን ወይም አንሲን መምረጥ ነው። ዲቤዝም የራሱ ማስተካከያ አለው። ማስተካከያው ከዲስኬቱ ጠፍቶ ወይም እነዚህ ዝርዝሩ ላይ ከሌሉ ኬይፕሮን ወይም ኤዲኤም-3ኤን የሚያስመስል ተርሚናል መፈለግ ነው።

ፍጥነቱን በተመለከተ ብዙ አትጨነቁ። ኬይፕሮ 2 በሴኮንድ 2.5 ሚሊዮን ምት ነበር የሚሄደው። ላፕቶፑ አስተርጉሞም ቢሆን ጥሎት ይነጉዳል። ባዶ ዙር እየቆጠረ ጊዜ የሚጠብቅ ጨዋታ ካላችሁ ግን ጣታችሁ ሳይነሳ ያልቃል።

የዝናቡ መዝገብ። ዲቤዝን ስትጠሩት ቀን ይጠይቃል፤ ኢንተር ብላችሁ እለፉት። ከዚያ ነጥብ ትመጣለች። አንዲት ነጥብ ብቻ። እዚያ «ዩዝ» ብላችሁ፣ ቢ እና ሁለት ነጥብ፣ የፋይሉን ስም። «ዲስፕሌይ ስትራክቸር» ስትሉ ዓምዶቹን ያሳያል። «ሊስት» ስትሉ ውስጡን። ለማውጣት «ኮፒ ቱ»፣ አዲስ ስም፣ «ዲሊሚትድ» ነው። በኮማ የተለያየ ተራ ጽሑፍ ይሰጣችኋል። ሲጨርስ «ኩዊት»። በማቋረጥ አትውጡ፤ ፋይሉ ሳይዘጋ ይቀራል። የዲቤዝ 2 ፋይል ከዲቤዝ 3 ፋይል ጋር አንድ አይደለም፤ ስለዚህ ዛሬ ያለው ሶፍትዌር በቀጥታ ይከፍተዋል ብላችሁ አትልፉ። በራሱ ፕሮግራም አስከፍታችሁ ማስወጣቱ ነው የሚያዋጣው።

ደስ ያለኝ ነገር ግን ይሄ ነው። ዲቤዝ 2 የቀን ዓይነት ዓምድ የለውም። ቀን ማለት ለእሱ ተራ ፊደል ነው። ስለዚህ አጎቴ ሁሉንም በእኛ አቆጣጠር ጽፈውታል፣ ቀን፣ ወር፣ ዓመት። ጳጉሜ 5 ቀን 1978 «05/13/78» ተብላ ገብታለች። አሥራ ሦስተኛ ወር ሲሰጠው ያላጉረመረመ ሶፍትዌር ያየሁት እዚህ ነው።

የተበላሸው በዛሬው ሶፍትዌር ነው። ፋይሉን በስፕሬድሺት ስከፍተው ወሩን አስቀድሞ በሚያነበው በአሜሪካኖች አጻጻፍ ተረዳው። ጳጉሜ 5 ሜይ 13 ሆነች። ሐምሌ 5 ሜይ 11። ዓመቱን 1978 ብሎ ስለጻፈው ደግሞ ትክክል ይመስላል፤ የፈረንጅ 1978 እያለ! ጳጉሜ 5 ቀን 1978 በእነሱ ሴፕቴምበር 10፣ 1986 ናት። ስታስገቡ የቀኑን ዓምድ «ጽሑፍ» በሉት። ቀድማችሁ። ከገባ በኋላ መመለሱ ከባድ ነው።

የወርድስታሮቹ ሪፖርቶች ሌላ ጠባይ አላቸው። በተራ ኤዲተር ስትከፍቱ የየቃሉ የመጨረሻ ፊደል እንግዳ ምልክት ይሆናል። ወርድስታር የባይቱን ስምንተኛ ቢት ለራሱ ምልክት ይጠቀምበታል፤ ላቲን በሰባቱ ስለሚበቃ ስምንተኛው ትርፍ ነበር። የማጥፊያው ዘዴ ሲፒኤም ውስጥ አለ። «ፒፕ» (ፋይል መገልበጫው)፣ ክፍት ቦታ፣ አዲሱ ስም፣ እኩል ይሆናል፣ የድሮው ስም፣ ቀጥሎ በአራት ማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ዜድ። ዜድ ስምንተኛውን ቢት ዜሮ ያደርጋል። ጽሑፉ ጥርት ይላል። መስመሮቹ ግን ሁሉም ተቆርጠው ይቀራሉ፤ አንቀጹን በእጅ መቀጠል ነው። መጨረሻ ላይ ቆሻሻ ፊደል ካያችሁም አትደንግጡ። ሲፒኤም የፋይልን ርዝመት የሚያውቀው በ128 ባይት እየቆጠረ ነው። ጽሑፉ የት እንዳለቀ የሚነግረው ኮንትሮል ዜድ የሚባል ምልክት ነው። ከእሱ በኋላ ያለውን ቆርጣችሁ ጣሉ።

ሪፖርቶቹ በእንግሊዝኛ ናቸው። «በአማርኛ ለምን አልጻፉም?» አልኳቸው አንዴ። ሳቁብኝ። 33 ፊደል በ7 ረድፍ ብቻ 231 ነው፣ የወርድስታር ቦታ 128። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው።

ዝናቡን በጠረጴዛ ሠርቼ አትሜ ወሰድኩላቸው። ቡና እየተፈላ ነበር። መነጽራቸውን አድርገው በጣት እየተከተሉ አነበቡት። አንድ ቦታ ላይ ቆሙ። «ይሄ 4 አይደለም፣ 40 ነው። የዚያን ቀን ጫማዬን በእጄ ይዤ ነው ቤት የገባሁት።» ላፕቶፑን አስከፈቱኝ። ስፕሬድሺቱን ሳሳያቸው እጃቸውን አወዛወዙ። ነጥቧን ነው የፈለጉት። ዲቤዝን አስነሳሁ። እሳቸው ራሳቸው ጻፉ፤ «ዩዝ»፣ «ኤዲት»፣ የመዝገቡን ቁጥር። ዜሮዋን ጨመሩና ኮንትሮል ደብሊው ተጫኑ። በዲቤዝ 2 የሚቀመጠው በእሱ ነው፤ ኮንትሮል ኪው ቢሉ ኖሮ ለውጡ ይጣል ነበር። አልጠየቁኝም፤ ጣታቸው ያውቀዋል። ከዚያ «ኩዊት» አሉና ሲኒያቸውን አነሱ።